ያለ ማዘዣ የሚገዛ የአለርጂ መድኃኒት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማስነጠስ ሲያስቸግር፣ ዓይን ሲያሳክክ ወይም ቆዳ ሽፍ ሲል ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ክፋት የለውም። ለቀላል አለርጂ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት መድኃኒቶች ጥሩ ይሠራሉ። ጣጣው የሚመጣው የምንውጠው ነገር ምን እንደሆነ ሳናጣራ ስንቀር ነው። ከሁሉም የሚከፋውን ላስቀድም።

ከባድ አለርጂ ሲነሳ ኪኒን ውጦ መጠበቅ

ምግብ ከበሉ፣ መድኃኒት ከወሰዱ ወይም ንብ ከነደፈችዎት በኋላ ምላስ ካበጠ፣ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ነገሩ አናፊላክሲስ ሊሆን ይችላል። ይህ ሕይወት ይቀጥፋል። ሴትሪዚንም ሆነ ሌላ ፀረ-ሂስታሚን (የተለመደው የአለርጂ ኪኒን) አያቆመውም። ኪኒኑ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ቢጀምርም የወረደ የደም ግፊት አይመልስም፤ የጠበበ የአየር ቧንቧ አይከፍትም። ይህን የሚያደርገው አድሬናሊን ነው። የሚወጋው በጭን የውጭ ጎን፣ ጡንቻ ላይ ነው። መርፌው የታዘዘለት ሰው ወዲያው ይጠቀምበት። “ትንሽ ልየውና” ማለት ጭራሽ አይገባም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ቢሻለውም ይሂድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። እስከዚያው ጋደም ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው መቀመጥ ይችላል። ቆሞ እንዲራመድ ግን አያድርጉት።

አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም መውሰድ

አንድ ሰው አፍንጫውን ሲበላው ክሎርፌኒራሚን ይውጣል። ማታ ጉንፋን መስሎት የጉንፋን መድኃኒት ይጨምራል። ራስ ምታቱ አልለቅ ሲለው ደግሞ ፓራሲታሞል ይደግማል። የጉንፋኑን ካርቶን ገልበጥ አድርገው ቢያነቡት ግን ብዙ ጊዜ ክሎርፌኒራሚንም ፓራሲታሞልም እዚያው ውስጥ አሉ። ሰውየው ሁለቱንም ደርቦ ወስዷል ማለት ነው። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፤ ጤነኛ አዋቂ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ይተዉትና በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስምና ሚሊ ግራሙን ያንብቡ። ፊደሉ ካነሰብዎት ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። አያሳፍርም።

“ሁሉም ያው ነው” ማለት

ያው አይደለም። ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን የቀደመው ትውልድ ናቸው። ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚገቡ ያስተኛሉ። “እኔን አያስተኛኝም” የሚል ሰው አይጠፋም፤ እንቅልፍ ሳይሰማም ቢሆን ንቃት ይቀንሳል። ወስደው መኪና አይንዱ። ከመጠጥ ጋርማ አይሞከርም። አረጋውያንን ግራ ያጋባሉ፣ ለመውደቅ አደጋ ይዳርጋሉ። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ወንዶችን ሽንት ሊከለክሉ፣ አንዳንድ የግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ዓይነቶችንም ሊያባብሱ ይችላሉ። እንደ ሎራታዲን፣ ፌክሶፌናዲንና ሴትሪዚን ያሉት አዲሶቹ ለአብዛኛው ሰው የተሻሉ ናቸው። ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ያስተኛል። ለአዋቂ የተለመደው የሎራታዲንም የሴትሪዚንም መጠን በቀን አንዴ 10 ሚሊ ግራም ነው። የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ካለብዎት መጠኑ ሊቀነስ ስለሚችል መጀመሪያ ያማክሩ።

ፌክሶፌናዲንን በውኃ ብቻ ይዋጡ። የብርቱካን ወይም የአፕል ጭማቂ ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሰዋል።

የአፍንጫ ስፕሬዮችን ማምታታት

እዚህ ላይ ሰው በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ያለበት ስፕሬይ የታፈነ አፍንጫን በደቂቃዎች ይከፍታል። ስለሚያስደስት ሰው አይተወውም። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲደጋገም ግን መድኃኒቱ ራሱ አፍንጫውን መልሶ ያፍነዋል። ሰውየው ሕመሙ የባሰበት መስሎት ይጨምራል፤ አዙሪት ውስጥ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ያቁሙት።

እንደ ፍሉቲካሶን ያሉት የስቴሮይድ ስፕሬዮች ተቃራኒ ናቸው። ቶሎ አይታወቁም፤ ሙሉ ጥቅማቸው እስኪታይ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በሁለተኛው ቀን “አይሠራም” ብሎ መጣል ጥሩ መድኃኒት ማባከን ነው። ሲነፉም ራስዎን ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ያድርጉ፤ የግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ የቀኙን በግራ እጅ። ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። መሃል ግድግዳው ላይ ከተነፋ ነስር ያመጣል።

የደም ግፊት ካለብዎት ሲውዶኤፌድሪን (የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት) ያለበትን ኪኒን ሳያማክሩ አይውሰዱ። ግፊት ያንራል።

የልጅን መድኃኒት በግምት መስጠት

የቤት ማንኪያ መለኪያ አይደለም። ከሽሮፑ ጋር በሚመጣው ስሪንጅ ወይም ኩባያ ይለኩ። ልጅ እንዲተኛልዎት ብለው የአለርጂ ሽሮፕ እንዳይሰጡ አደራ። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ወር ከወር እየዋጡ ሐኪም ሳያዩ መክረም

በየቀኑ ካልዋጡ የማይሆንልዎት ከሆነ፣ ወይም ደረትዎ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ይመርመሩ። ፀረ-ሂስታሚን የአስም መድኃኒትን አይተካም። የቆዳ አለርጂ ምርመራ ከተቀጠረልዎት ደግሞ ኪኒኑን ስንት ቀን ቀድመው ማቆም እንዳለብዎት ይጠይቁ፤ ካላቆሙ ውጤቱ ይሳሳታል። ሴትሪዚንን ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ወስደው ሲያቆሙ ኃይለኛ ማሳከክ የሚጀምራቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ይህ ከገጠመዎት እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚያቋርጡት ሐኪምዎን ያማክሩ።