የሸራ ጀልባችሁን የናፍጣ ሞተር ያለ ዕድሜው የሚገድሉ ስህተቶች

የሸራ ጀልባ ያለው ሰው ልቡ ያለው ሸራው ላይ ነው። ሞተሩ ከመውረጃው ደረጃ ሥር፣ ሳጥን ተደፍቶበት ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ትዝ የሚለን ነፋሱ ጸጥ ሲል ነው። ወይም ጠባብ የወደብ መግቢያ ላይ ሆነን ሞገዱ ወደ ድንጋዩ ሲገፋን። ያኔ ቁልፉን እናዞራለን። ወዲያው እንዲነሳልንም እንፈልጋለን።

የናፍጣ ሞተር ጠንካራ ነው። ካንዴላ የለውም፣ ብዙ አያስቸግርም። ንጹሕ ናፍጣ፣ ንጹሕ አየር፣ ደህና ዘይትና የሚያቀዘቅዘው ውሃ እስካገኘ ድረስ ብዙ ሺህ ሰዓት ይሠራል። ግን ትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ በዓመት 100 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሥራ አይደለም የሚገድለው። መቀመጥ ነው። እሱ ቁጭ ብሎ ሳለ ጨው፣ ዝገትና ውሃ ሥራ ላይ ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ መነሻቸው ውሃ ነው። ወይ የሚፈለግበት ቦታ ቀርቷል፣ ወይ የማይፈለግበት ቦታ ገብቷል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ አለማየት

ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ገመድ ወደ መፍታት ይሄዳል። አትሂዱ። መጀመሪያ ወደ ጀልባው ጀርባ ሄዳችሁ ጎንበስ በሉና የጭስ ማውጫውን እዩ። ከጭሱ ጋር ውሃ ትፍ ትፍ እያለ መውጣት አለበት። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ሞተሩን አጥፉ።

ያንን ውሃ ከባሕር ስቦ የሚያመጣው ትንሽ ፓምፕ ነው። በውስጡ የጎማ ክንፎች ያሉት ኢምፔለር ይሽከረከራል። ጎማውን የሚያለሰልሰው የሚያልፈው ውሃ ራሱ ነው። ውሃው ከተቋረጠ ጎማው በደረቁ ይፋጫል፣ ይግላል፣ ክንፎቹም በአጭር ጊዜ ይበጣጠሳሉ። የውሃ መግቢያው ቫልቭ ሳይከፈት ሞተር ማስነሳት፣ ማጣሪያው ላይ የባሕር ሣር ወይም ላስቲክ መሞላት፣ የማጣሪያው ክዳን በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ አየር መሳብ፣ ሁሉም መጨረሻቸው እዚህ ነው።

ኢምፔለሩ እስኪበላሽ አትጠብቁት። በዓመት አንዴ ቀይሩት። ለወራት ሳይዞር ከተቀመጠ፣ በአንድ በኩል ታጥፈው የቆዩት ክንፎች እንደታጠፉ ይቀራሉ። በጣት ስትነኳቸው ግርጌያቸው ላይ የተሰነጠቀም ይኖራል።

አንድ ጊዜ የፓምፑን ክዳን ፈትቼ ኢምፔለሩን ሳወጣ ስድስት ክንፍ የነበረው አራት ብቻ ቀርቶት አገኘሁት። አዲሱን ገጥሜ ዘጋሁ። ውሃ መጣ፤ ተገላገልኩ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ እንደገና ወጣ። የጠፉት ሁለት ክንፎች የት ሄደው ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ከፓምፑ የሚወጣውን ቱቦ ተከትዬ የባሕር ውሃው የሞተሩን ሙቀት ወደሚቀበልበት ወደ ሙቀት መለዋወጫው መግቢያ ስደርስ፣ ሁለቱም እዚያ ተደራርበው ተሰንቅረዋል። ከዚያ ወዲህ የወጣውን ኢምፔለር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክንፉን እቆጥራለሁ። የጎደለ ካለ፣ ቁራጩ ተገኝቶ እስኪሞላ ድረስ ሥራው አላለቀም።

አዲሱን ስትገጥሙ ግሊሰሪን ወይም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቡት። ግሪስ አትቀቡት። የነዳጅ ዘር ያለው ቅባት ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። አንድ ትርፍ ኢምፔለር፣ ከክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ጋር፣ ሁሌም ጀልባው ላይ ይኑር።

አልነሳ ያለን ሞተር የውሃ ቫልቩ እንደተከፈተ ደጋግሞ ማሾር

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ደህና የነበረን ሞተር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚሠራው ሰው ደግሞ ምንም ጥፋት እየሠራ አይመስለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን ያቀዘቀዘው የባሕር ውሃ በመጨረሻ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ ይገባል። ከዚያ ወርዶ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማል። ከማርሚታው ገፍቶ ወደ ውጭ የሚያስወጣው የጭሱ ጉልበት ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ብቻ ሲያዞረው ግን ሞተሩ ስላልተነሳ ያ ጉልበት የለም። ፓምፑ ግን ይዞራል፣ ውሃ መሳቡንም አያቆምም። ማርሚታው ይሞላል። ከሞላ በኋላ ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና በጭስ መውጫው ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ከግድግዳ ጋር እንደተጋጨ ያህል ነው። ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ቢዬላው፣ ይጣመማል። ባይጣመም እንኳ ጨዋማ ውሃ ሲሊንደሩንና ዘይቱን ያበላሻል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተነሳ የባሕር ውሃ መግቢያውን ዝጉ። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ክፈቱ። መክፈቱን እንዳትረሱ ብላችሁ የማስነሻ ቁልፍ ሌላ ሰው እንዲይዝ አድርጉና እናንተ እጃችሁን ቫልቩ ላይ አኑሩ። ሞተሪኖውንም በአንዴ ከአሥር ሰከንድ በላይ አታሹሩት፤ ይግላል። መሃል መሃል አሳርፉት።

ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀጥ ካለና ውሃ ገብቶ ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ በግድ አትግፉት። ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኢንጀክተሮች ወጥተው ሞተሩ በእጅ ይዙር፤ ውሃው ይውጣ። ዘይቱም በተደጋጋሚ ይቀየር። ይህ በዚያው ቀን መሠራት አለበት። ጨው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ ጉዳቱ ይከፋል።

ከዚሁ ጋር የምትያያዝ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። ሞተሩ ከውሃው ልክ በታች በተቀመጠበት ጀልባ ላይ፣ የማቀዝቀዣው ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ ይታጠፋል። መታጠፊያው ጫፍ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ ትኖራለች። ሥራዋ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የባሕሩ ውሃ ራሱን በራሱ ስቦ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ጨው ይደፍናታል። በዓመት አንዴ ፍቱና በሞቀ ንጹሕ ውሃ እጠቧት።

የነዳጁን ታንክ ግማሽ አድርጎ መተው

ሞተሩ የሚጠፋው ሁሌ በመጥፎ ሰዓት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ዕድል አይደለም። ጀልባው ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ሲቆም ቆሻሻው ታንኩ ሥር ተኝቶ ይቀመጣል። ባሕሩ ሲናወጥ ግን ታንኩ እንደሚናጥ ቅል ይሆናል። ለወራት የተኛው ሁሉ ይነሳና ፊልትሮውን ይደፍነዋል። ሞተሩ ትንፋሽ እንዳጠረው ከፍ ዝቅ እያለ ይሄድና ይጠፋል።

ታንኩ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲኖር፣ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከአየሩ እርጥበት ጤዛ ይሠራል። ከላይ ያለው የመሙያ ክዳን ጎማው ካረጀም ዝናብና የባሕር ውሃ ይገባል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይወርዳል። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት ቦታ ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ። ኑሯቸው ውሃው ውስጥ፣ ምግባቸው ናፍጣው። የሚተዉት ጠቆር ያለ ዝልግልግ ነገር ነው። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ጀልባችሁን ለረጅም ጊዜ ከማቆማችሁ በፊት ታንኩን ሙሉት። ከዚያ ደግሞ በየጊዜው ከመጀመሪያው፣ ውሃ ከሚለየው ፊልትሮ ሥር ካለው ኩባያ ጥቂት ናፍጣ በጠርሙስ ቅዱ። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አኑሩና ትንሽ ጠብቁ። ንጹሕ ናፍጣ አሻግሮ ያሳያል። ውሃ ካለ ታች ተለይቶ ይቀመጣል፤ መሃል ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። በመስመሩ ላይ ጥቁር ክር መሳይ ነገር ከተንሳፈፈ፣ ፊልትሮ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ታንኩ ራሱ መታጠብ አለበት። ናፍጣው ውስጥ የሚጨመረው ማጥፊያ መድኃኒት ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ሬሳቸው ግን እዚያው ነው የሚቀረው።

ፊልትሮው ሁለት መሆኑን አትርሱ። አንዱ ውሃ የሚለየው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ላይ ያለው ደቃቅ ፊልትሮ ነው። ሁለቱም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀየሩ።

ፊልትሮ ሲቀየር ደግሞ አየር ይገባል። አየር ያለበት የናፍጣ መስመር ሞተር አያስነሳም። አየሩን ማስወጣት የሚለማመዱት ጀልባው በደንብ ታስሮ ሳለ፣ በቀን ብርሃን ነው። ከሞተሩ ፊልትሮ አናት ላይ ያለውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጉ። የናፍጣ መግፊያውን ትንሽ ፓምፕ በእጅ ምቱት። በመጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁት። ፓምፑ ስትመቱት ባዶ ባዶ ካላችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍቱት። ከውስጥ የሚገፋው ካም ጫፍ ላይ ቆሞ ይሆናል። ሞተሩን አንድ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

ዘይቱን «ወቅቱ ሲመለስ እቀይረዋለሁ» ማለት

ያገለገለ ዘይት ውስጥ ከቃጠሎው የመጣ አሲድና እርጥበት አለ። ያ ዘይት ለወራት ሞተሩ ውስጥ ሲቀመጥ ብረቱን ይበላል። ስለዚህ ዘይት የሚቀየረው ጀልባው ከመቆሙ በፊት ነው። የሞተሩ መመሪያ የሚለውን ሰዓት ተከተሉ። ሰዓቱ ባይሞላ እንኳ በዓመት አንዴ መቀየር አለበት።

ሞተሩን መጀመሪያ አሙቁት። የሞቀ ዘይት ቀጭን ነው፤ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። ጀልባ ላይ ከሥር ያለውን ቡሎን ማግኘት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ በእጅ ፓምፕ ምጠጡት። የናፍጣ ሞተር ዘይት ወዲያው መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ። የሚያስደነግጠው ወተት የገባበት ቡና ሲመስል ነው። ያ ውሃ ነው።

ባትሪ ለመሙላት ብሎ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ሲያሽከረክሩ መዋል

ለሞተሩ ያዘንን እየመሰለን የምንጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጭነት የሌለው የናፍጣ ሞተር በቂ ሙቀት አያገኝም። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጥላሸት ይጠራቀማል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም እንደ መስተዋት ይለሰልስና ዘይት መያዝ ያቆማል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል።

ካሞቃችሁት በኋላ አሠሩት። በጉዞ ላይ ከከፍተኛው ዙር ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህል ይሂድ። አልፎ አልፎም ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ አቅሙን ስጡት። ለባትሪው የፀሐይ ሰሌዳ ይሻለዋል።

ጥላሸቱ በተለይ የሚጎዳት ዕቃ አለች። ጭሱና የባሕር ውሃው የሚገናኙባት፣ እንደ ክርን የታጠፈች ቱቦ ናት። ከውስጥ ጥላሸት፣ ጨውና ዝገት እያጠበባት ይሄዳል። ሞተሩ ዙር አልወጣ ካለና ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ ኢንጀክተር ከመጠርጠራችሁ በፊት እሷን ፈትታችሁ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ትንሽ ጣት ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ቀርታ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ትንንሾቹን መናቅ

ብዙ ሞተሮች ውስጥ የዚንክ ቁራጭ አለ። ሌላው ብረት እንዳይበላ እሱ ይበላል። ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩት፤ ሲያልቅ የሚቀጥለው ተራ የሙቀት መለዋወጫው ነው።

ቺንጊያው ዙሪያ ጥቁር ብናኝ ካያችሁ ቺንጊያው እየተበላ ነው። በአውራ ጣት ስትጫኑት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይርገብ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ላልቷል።

ሞተሩ እየሠራ ዋናውን የባትሪ ማብሪያ ማጥፊያ አትዝጉ። የዲናሞው ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የባሕር ውሃ መግቢያ ቫልቮችን በየወሩ ክፈቱ፣ ዝጉ። ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆየ ቫልቭ ጀልባው ውሃ ሲያስገባ አይዘጋላችሁም።

ብርዱ በረዶ በሚያደርስበት ቦታ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ ፓምፑና ሞተሩ ውስጥ የባሕር ውሃ አይደር። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ብረት ይሰነጥቃል።

ሞተሩን ቆሻሻ አድርጎ መያዝና ምንም አለመጻፍ

በዘይትና በአቧራ የተለበጠ ሞተር አዲስ ማፍሰስ ሲጀምር አያሳይም። አንድ ቀን መድባችሁ እጠቡት፣ በጨርቅ ወልውሉት። ሥሩ ነጭ መምጠጫ ጨርቅ አንጥፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሳጥኑን ስትከፍቱ ጨርቁ ራሱ ይነግራችኋል። ጥቁር ጠብታ ዘይት ነው። ቀላ ያለና የሚሸተው ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ የናፍጣ ቀለም ግን እንደየቦታው ይለያያል። አረንጓዴ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ጠርጥሩ። ነጭ የጨው ቅርፊት ካያችሁ የባሕር ውሃ ነው። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ቀጥታ ከላዩ ያለውን ቱቦ ወይም ዳዶ ያሳያችኋል።

ያያችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ቀን፣ የሞተሩ ሰዓት፣ ምን እንደተቀየረ፣ ሙቀት መለኪያው ምን እንዳለ። ሞተሩ ሁሌ 80 ዲግሪ ላይ ይቆም የነበረ ከሆነና ዛሬ 85 ካለ፣ ማስጠንቀቂያው ገና አልጮኸም። ደብተሩ ግን ቀድሞ ነግሯችኋል። የባሕር ውሃ ማጣሪያውን ክፈቱና እዩ፣ ቀጥሎ ኢምፔለሩን።