ፍሳሽ በማዕድን ሲጣራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። ግንበኛው ሬድ አሽ የሚለው ስኮሪያም ሆነ የደብረ ታቦር ነጭ ሸክላ፣ ካኦሊን፣ ርካሽ ስለሆኑ ፍሳሽ ሊያጣራባቸው የሚነሳ ተማሪ አይጠፋም። ይበል የሚያሰኝ ነው። የሚያበሳጨው ግን ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ ማዕድኑ ቀድሞ መመረጡ ነው።

ዚኦላይት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን) እና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) አሉታዊ ቻርጅ አላቸው። ሶዲየማቸውንና ካልሲየማቸውን እየለቀቁ በምትኩ አሞኒየም፣ ሊድ (እርሳስ)፣ ካድሚየም ይይዛሉ፤ እነዚህ ሁሉ አዎንታዊ ናቸው። ፎስፌት፣ ናይትሬት፣ ፍሎራይድና ባለስድስት ክሮሚየም ግን አሉታዊ ስለሆኑ ጥሬው ዚኦላይት ይገፋቸዋል እንጂ አይይዛቸውም። ይህ እየታወቀ አሁንም ሙከራው ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ይሠራል፤ ቀለሙ በደቂቃዎች ይጠፋል፤ ከዚያ «ለጨርቃጨርቅ ፍሳሽ ይሆናል» ተብሎ ይጻፋል። አይሆንም! ሜቲሊን ብሉ አዎንታዊ ስለሆነ ማንኛውም ጭቃ ያነሳዋል። ጥጥ የሚነከርባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች አሉታዊ ናቸውና በዚያው ማዕድን ላይ ሳይነኩ ያልፋሉ። ለፎስፌት የብረት ኦክሳይድ ያለበት ቀይ ስኮሪያ ይሻላል። ከቆዳ ፋብሪካ ለሚወጣው ባለሦስት ክሮሚየም ደግሞ መጀመሪያ ኖራ ጨምሩ፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 እስከ 9 ሲደርስ አብዛኛው ራሱ ይዘቅጣል፣ ለማዕድኑ የሚቀረው ትርፍራፊው ነው።

መቶኛ ብቻ አትጻፉ። በሊትር 50 ሚሊግራም በካይ ያለበት 100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ 10 ግራም ማዕድን ጨምሮ «90 በመቶ አነሳሁ» ማለት በግራም 0.45 ሚሊግራም ብቻ ያዘ ማለት ነው። በዚህ ሂሳብ ለአንድ ሜትር ኩብ ፍሳሽ 100 ኪሎ ማዕድን ይፈጃል። ማን ይሸከመዋል? ማን ይጥለዋል?

በካዩ ብቻ በተጨመረበት ንጹህ ውሃ መሞከርም ያታልላል። እውነተኛ ፍሳሽ ውስጥ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ቦታውን ይሻማሉ፤ ያገኛችሁት አቅም ይወርዳል። ማዕድን የሌለበት ማነጻጸሪያ ጠርሙስም ይኑራችሁ፤ ፒኤቹ ከ6 ሲያልፍ ሊድ በራሱ ሊዘቅጥ ይችላልና ምስጋናው ለማዕድኑ እንዳይሆን።

አሞኒየምን ከፒኤች 9 በላይ አትሞክሩ፤ ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለወጣል።

ቤንቶናይት ዱቄት ፍሳሹ በሚያልፍበት የማጣሪያ ቱቦ ውስጥ አይሞላም። ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ መተላለፊያውን ይደፍናል፣ ፍሰቱ ቀጥ ይላል። ቦታው ባልዲ ነው፦ በሊትር ከ1 እስከ 5 ግራም ጨምሩ፣ አማስሉ፣ አዝቅጡ። ለቱቦ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር የተነፋ ዚኦላይት ወይም ስኮሪያ ውሰዱ። ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ይህን የሚዘል ሰው ከማጣሪያው ደፍራሽ ውሃ ሲወጣ ይደነግጣል። ከዚያ በ105 ዲግሪ አድርቁ። የቱቦው ስፋት ከማዕድኑ ፍሬ ቢያንስ 20 እጥፍ ይሁን፤ ከጠበበ ውሃው በግድግዳው በኩል ያመልጣል። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ማዕድን ጨምሩ፣ አለዚያ አየር ታምቆ ይቀራል። ፍሰቱን አታጣድፉ፦ ቱቦው ውስጥ የተሞላው የማዕድን አልጋ 3 ሊትር ከሆነ በሰዓት 12 ሊትር ቢያልፍበት የ15 ደቂቃ ቆይታ ይሆናል፤ ለመነሻ ይበቃል።

ያልዘቀጠ፣ ቅባትና ስኳር የሞላበት ፍሳሽ በቀጥታ አታሳልፉ። የሟሟ ስኳርን ባክቴሪያ እንጂ ድንጋይ አይበላውም፤ ማዕድን የመጨረሻ ማጥሪያ ነው።

አንድ የቀረ አለ፣ ብዙዎች የሚረሱት። የጠገበው ማዕድን የት ይሄዳል? አሞኒየም ብቻ የያዘው ዚኦላይት ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ሊድ ወይም ካድሚየም የያዘው ግን ማሳም ሆነ ቀሃ ወንዝ ዳር አይደፋም፤ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ቁልቁል ወደ ጣና አቅጣጫ ይወርዳል። ማዕድኑ በጨው ውሃ ታጥቦ ከታደሰም የለቀቀው በካይ ያ ጨው ውሃ ውስጥ ነው ያለው፤ የተዘጋና ምልክት የተደረገበት ጀሪካን ውስጥ አቆዩት።