ቡቺና የቢንቢ ጣጣ

አሜሪካ ገብታችሁ ልጆቹ «ውሻ እንግዛ» ብለው አላስቀምጥ ካሏችሁ ይቺን አንብቡ። በተለይ ሂውስተን፣ ዳላስ ወይም አትላንታ ያላችሁ።

አገር ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ትራፊ ይበላል። የምንፈራው እብደቱን ብቻ ነው። እዚህ ግን ሃርትዎርም የሚሉት አለ፤ የልብ ትል። የምታመጣው ቢንቢ ናት። የታመመ ውሻ ትነክሳለች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ የእናንተን ስትነክስ ጥቃቅን እጮች ታስገባበታለች። እነሱ በ6 ወር ገደማ አድገው ልቡና የሳንባው የደም ሥር ውስጥ ይሰፍራሉ። የውሻዬ የቡቺ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ለሁለት የተከፈለ የፕላስቲክ ልብ አለ። ውስጡ የታጨቀውን ሳይ ቀጭን ፓስታ መሰለኝ። ሴቷ ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች።

መከላከያው በወር አንዴ የሚሰጥ፣ የሚታኘክ ክኒን ነው። እኔ የሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ለመጪው ወር የሚከላከል መስሎኝ ነበር። ለካ የሚሠራው ወደ ኋላ ነው፤ ባለፈው ወር የገቡትን እጮች ነው የሚገድለው። ጊዜው ካለፈ እጮቹ ያመልጡታል።

ኦክቶበር ላይ «ብርድ ገባ፣ ምን ቢንቢ አለ» ብዬ አቆምኩ። ያውም ሂውስተን፣ ዲሴምበር በቲሸርት በሚኬድበት ከተማ! ማርች ላይ ክኒኑን መልሼ ልጀምር ስል ደሙ ተመረመረ፤ ነፃ ነው ተባለ። ሐኪሟ ግን «ከ6 ወር በኋላ ይደገም» አለች። ምርመራው የሚይዘው ያደገችውን ሴት ትል ነዋ። ሴፕቴምበር ላይ ተገኘበት።

ሕክምናው ወገቡ ላይ የሚወጋ 3 መርፌ ነው፤ አርሴኒክ ያለበት። መርፌውስ ይሁን፣ የባሰው እስሩ ነው። ትሎቹ ሲሞቱ እየተቆራረጡ ወደ ሳንባ ይሄዳሉ። ያኔ ውሻው ከሮጠ የደም ሥር ዘግተው ሊገድሉት ይችላሉ። ቡቺ ለወራት ኬጅ ውስጥ ከረመ፤ የሚወጣው ለሽንት፣ ያውም በገመድ። የበር ደወል በጮኸ ቁጥር እንዳይዘል ልጄ ሮጣ ታቅፈው ነበር። የከፈልኩት ብር የስንት ዓመት ክኒን ይገዛ ነበር!

ክኒኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። «የፈረሱ የትል መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ እኮ ያው ነው፣ ርካሽ ነው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እንዳትሰሙት። የተመጠነው ለፈረስ ክብደት ነው። እንደ ኮሊ ላሉ የውሻ ዝርያዎች ደግሞ መጠኑ ካለፈ ይገድላል። ብር ካጠራችሁ በቅናሽ የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ፤ ሼልተር (የእንስሳት መጠለያ) ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለልጆቹ አትስጉ፤ ውሻው ስለላሳቸው አይተላለፍም። ድመት ያላችሁ ግን ሐኪም አማክሩ። ቢንቢ ቤት ውስጥም ትገባለች፤ ድመት ውስጥ ያደገውን ትል የሚገድል የተፈቀደ መድኃኒት ደግሞ የለም።

እኔ አሁን ክኒኑን ከቤት ኪራይ ጋር አጣምሬዋለሁ። ወር በገባ በ1 ቼኩን ስጽፍ ቡቺ እግሬ ሥር ቁጭ ብሎ ድርሻውን ይጠብቃል።