በቀኑ ቁጥር አንድ ምዕራፍ

ጥበብ ፍለጋ መጽሐፍ ቅዱስ ስንከፍት ብዙ ጊዜ የምናድነው ልባችን አስቀድሞ የወሰነውን የሚደግፍ ጥቅስ ነው። ለዚህ የጠቀመኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ መጽሐፈ ምሳሌን በቀኑ ቁጥር አንብቡ። ቀኑ 15 ከሆነ ምዕራፍ 15። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል።

ምዕራፎቹ 31 ናቸው፣ የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን። የመጨረሻዋን በ30 ላይ ደርቡና ጨርሱ። በሰማንያ አሐዱ (በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መጽሐፍ ቅዱስ) አቆጣጠር ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ተግሣጽ ተብሎ ለብቻው ስለሚቆጠር፣ ብታጡት እዚያ ፈልጉት።

ካነበባችሁ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጡና በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ምዕራፍ 15 የሚጀምረው የለዘበ መልስ ቁጣን እንደሚያበርድ በመናገር ነው። የዚያን ዕለት አከራዬ በቴሌግራም ቆጣ ያለ መልእክት ላከልኝ። የጻፍኩትን መልስ ሁለቴ አጠፋሁት። ሦስተኛው አጭር ነበር፣ ጠብም አልተነሳም።

የሚሠራው ምዕራፉን የምትመርጡት እናንተ ሳትሆኑ ቀኑ ስለሆነ ነው። ያልፈለጋችሁትም ይደርሳችኋል።

ግን እንደ ዕጣ አትቁጠሩት። ምዕራፍ 26 ላይ ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስ ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። የቱ ለዛሬ እንደሆነ መጸለይና ማሰብ የእናንተ ሥራ ነው። የትዳር ወይም የሕክምና ውሳኔ ከሆነማ የነፍስ አባታችሁን ወይም መጋቢያችሁን፣ ሐኪሙንም ጭምር አማክሩ።