በአረጋውያን የመርሳት በሽታና ድባቴ ጥናት ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ጤነኛውን ሽማግሌ ታማሚ፣ ታማሚዋን አሮጊት ደግሞ «እርጅና ነው» ብሎ የመዘገበ መረጃ በኋላ በየትኛውም ስሌት አይቃናም። ስለዚህ ጥንቃቄው መጠይቁ ሜዳ ሳይወጣ መጀመር አለበት።

ያልተማረን ሰው በተማረ ሰው ሚዛን መመዘን። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚኒ ሜንታል የተባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መለኪያ ከ30 የሚታረም ሲሆን በተለምዶ ከ24 በታች ያገኘ ሰው ይጠረጠራል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ሲጠየቁ የሚሆነውን እንመልከት። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መውረድ 5 ነጥብ አለው፤ አንብቦ መፈጸም 1፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ 1፣ የተደራረቡ ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን መገልበጥ 1። እነዚህ 8 ነጥቦች ከቀሩባቸው፣ ሌላውን ሁሉ አንድ ሳይስቱ መልሰውም 22 ላይ ይቆማሉ። ትምህርት ቤት አለመግባታቸው በሽታ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው። ሞካ የተባለው መለኪያ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ 1 ነጥብ ይጨምራል፤ ጭራሽ እርሳስ ላልጨበጠ ሰው ግን ይህ አይደርስለትም። በገጠር ታንዛኒያ የተዘጋጀው አይዲያ ወይም 10/66 የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ቡድን መለኪያዎች ላልተማሩም እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ይሻላሉ። የሚጠቀሙበትንም የመለያ ነጥብ፣ ሐኪም መርምሮ ጤነኛና ታማሚ ብሎ በለያቸው የዚያው አካባቢ አረጋውያን ላይ አስቀድመው ይፈትሹት።

የቀንና የሰዓት መልስን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ማረም። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ገብርኤል ነው» ያሉ አባት 19ኛውን ቀን በትክክል ተናግረዋል። ሙስሊም አረጋውያን በሂጅራ ሊመልሱ ይችላሉ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚኖሩ እናት ጠዋት «ሦስት ሰዓት» ቢሉ፣ ዓመቱንም በ7 ወይም በ8 አሳንሰው ቢጠሩ፣ አቆጣጠሩን የማያውቅ ጠያቂ ሁለት ነጥብ ይቀንስባቸዋል። ተቀባይነት ያላቸው መልሶች በሙሉ በጠያቂው መመሪያ ላይ ተጽፈው ይቀመጡ።

ዕድሜን እንደተነገረ መጻፍ። ብዙዎች 60፣ 70፣ 80 ብለው ያጠጋጋሉ። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ወይም በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ልጅ ወልደው እንደነበር ጠይቆ ማስላት ይሻላል።

ድባቴን ከመርሳት በሽታ ጋር ማምታታት። ድባቴ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይሞክር «እኔ እንጃ» ይላል፤ ለውጡም በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የመጣ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ግን ይሞክራል፣ ይስታል፣ ችግሩንም ያቃልላል። ባለ 15 ጥያቄው የአረጋውያን የድባቴ መለኪያ አብዛኞቹን የአካል ምልክቶች ሆን ብሎ ስለተወ «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል» የሚሉ እናት ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ይህን ለብቻው ይጠይቁ። መርሳቱ ከበረታም ኮርኔል የተባለው ባለ 19 ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ይሻላል፤ አስታማሚውንም ታማሚውንም ይጠይቃልና።

በሕመም መካከል መለካት። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ፣ አንዴ ጠፍቶ አንዴ የሚመለስ መቃዠት በሽንት ኢንፌክሽን፣ በሳንባ ምች፣ በውኃ እጥረት ወይም እንደ አሚትሪፕቲሊን ባሉ መድኃኒቶች ሊመጣ ይችላል። ይህ አጣዳፊ ነውና መጠይቁን ትተው ወደ ሐኪም ይላኳቸው፤ ልኬቱ ካገገሙ በኋላ ይደረግ።

ለቤተሰብ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን እንዳሉ ተርጉሞ ማምጣት። ቼክ ስለመጻፍና መኪና ስለመንዳት መጠየቅ ምን ይጠቅማል? ቡና ሲያፈሉ ቅደም ተከተሉ ይጠፋባቸው እንደሆነ፣ የገበያ መልስ ይሳሳቱ እንደሆነ፣ የዕድር ክፍያ ይረሱ እንደሆነ ይጠይቁ። ወጥ ሠርተው የማያውቁ አባት «አይችሉም» ተብለው አይመዝገቡ፤ ንጽጽሩ ከ10 ዓመት በፊት ራሳቸው ያደርጉት ከነበረው ጋር ነው። ልጆቻቸውንም ለብቻ ያነጋግሩ፤ ወላጅ ፊት ጉድለቱን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው።

ያልተሞከረን ጥያቄ ዜሮ ማድረግ። በዓይን ሞራ ምክንያት ሥዕሉ ላልታያቸው ወይም ጥያቄው ላልተሰማቸው ሰው ዜሮ አይሰጥም፤ «አልተሞከረም፣ ምክንያቱ ማየት» ተብሎ በተለየ ኮድ ይመዘገባል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከትንታኔው አውጥቶ መጣልም ሌላ ስህተት ነው፤ የመስማትና የማየት ችግር ራሳቸው የመርሳት በሽታን ስጋት ከሚጨምሩት ውስጥ ናቸውና።