ላዳ ገፍቶ ለማስነሳት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ቀመሩ አጭር ነው። የዕቃውን ማስ (በኪሎ የሚለካውን መጠኑን) በምትፈልገው የፍጥነት ለውጥ አባዛ፣ ከዚያ ለተጣራው ኃይል፣ ማለትም ከሚገፋው ላይ የሚቃወመው ተቀንሶ ለሚቀረው፣ አካፍል። የሚወጣልህ ቁጥር ሰከንድ ነው። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሁለተኛው ሕግ በቀጥታ የተገኘ ነው፣ አዲስ የሚሸመደድ ነገር የለውም። ጣጣው ያለው ቁጥሩን ስታስገባ ነው።

ባትሪዋ የደከመ ላዳ ታክሲ አለች እንበል። ከነሹፌሯ 1000 ኪሎ ትሁን። ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን የሚለቀው በሰዓት 9 ኪሎሜትር ስትደርስ ነው ብለን እንያዝ። ይቺን 9 እንዳለች ቀመሩ ውስጥ ከከተትካት አለቀልህ! መጀመሪያ ለ3.6 አካፍላት፣ በሰከንድ 2.5 ሜትር ትሆናለች።

አሁን ወደ ኃይሉ። ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው፤ ሦስት ሰው እያንዳንዱ በ200 ኒውተን ቢገፋ 600 ይሆናል፣ ግን ሁሉም ለመኪናዋ አይደርሳትም፤ አስፋልት ላይ የሚንከባለለው ጎማ ብቻውን 150 ያህሉን ይበላል፣ ንፋስ ከጎደለውማ ከዚያም በላይ። የተጣራው 450 ነው። 1000 በ2.5 ሲባዛ 2500፣ ለ450 ሲካፈል 5.6 ሰከንድ ገደማ። ተቃውሞውን ረስተህ ለ600 ብታካፍል 4.2 ይወጣል፤ ፈተና ላይ ከምርጫዎቹ መሀል ቁጭ ብላ የምትጠብቅህ ይቺ ናት።

ከፊት በቂ ቦታ መኖሩንም በዚያው ማወቅ ይቻላል። ከቆመችበት ስለተነሳች አማካይ ፍጥነቷ 1.25 ነው። በ5.6 ስታባዛው 7 ሜትር።

ዳገት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ፣ ዓይን እንኳ ዳገት ብሎ የማይቆጥረው፣ ይቺን ላዳ በ490 ኒውተን ወደ ኋላ ይጎትታታል። የጎማው 150 ሲጨመርበት 640፣ ገፊዎቹ ያላቸው ደግሞ 600። ንቅንቅ አትልም፣ ማስላትም አያስፈልግ። አዙረው ቁልቁል ከገፏት ግን 490ው ለእነሱ ይሠራል፤ የተጣራው 940 ይሆንና 2.7 ሰከንድ ይበቃል።

ይሄ ሁሉ ኃይሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ብሎ ነው። ሰው ደግሞ መኪናዋ እየፈጠነች ስትሄድ እየሮጠ እኩል መግፋት ያቅተዋል። ስለዚህ የመነሻውን ሳይሆን የአማካዩን ኃይል ውሰድ፤ 200ው ወደ 150 ቢወርድ የተጣራው 300 ይቀራል፣ ጊዜውም ወደ 8.3 ሰከንድ ይረዝማል።