ምርታቸው ለተቋረጠ የፒክአፕና የጭነት መኪና ተጨማሪ ዕቃዎች መለዋወጫ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሌላ አምራች ሠርቷቸው የሚገጠሙ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ የጭነት ቦታ ክዳን፣ የኤሌክትሪክ መርገጫ፣ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ)፣ የመሣሪያ ሳጥንና የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ብዙ ጊዜ ምርታቸው የሚቆመው መኪናው ገና በደህና እየሠራ ሳለ ነው። የመኪና አምራቾች አንድን ሞዴል ማምረት ካቆሙ በኋላም መለዋወጫውን ለዓመታት ማቅረባቸው የተለመደ ነው፤ ተጨማሪ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ግን ሊሸጥ፣ ስሙን ሊቀይር ወይም ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ባለንብረቱ አንድ የተሰበረ መቀርቀሪያ ወይም አንድ የደከመ የጋዝ ሾክ (ክዳኑን በጋዝ ግፊት ገፍቶ የሚያነሣና የሚደግፍ ዘንግ) ይዞ የሚሄድበት ይጠፋዋል። ደህና ክዳን በአንዲት ትንሽ ክፍል ምክንያት ተነቅሎ ሲጣል ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ክፍሏ ከገበያ ጠፍታ ሳይሆን አፈላለጉ ተሳስቶ የሚደርስ ጥፋት ነው።

የዕቃውን የንግድ ስም ብቻ ይዞ መፈለግ

ከስህተቶቹ ሁሉ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የሚያባክነው ይህ ነው። ተጨማሪ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት በአብዛኛው ራሱ የሚሠራው አካሉን፣ ማለትም ላሜራውን፣ ፋይበርግላሱንና ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን ብረት ነው፤ ኩሽኔታውን፣ የዘይት መከላከያ ጎማውን፣ ሪሌውን (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን የኤሌክትሪክ መስመር የሚያገናኘውን ማብሪያ)፣ የሽቦ ሶኬቱን፣ ቁልፉንና የጋዝ ሾኩን የሚገዛው ግን እነዚህን ለብቻ ከሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነው። ስለዚህ ዕቃው ከገበያ ሲወጣ በውስጡ ያሉት ክፍሎች አብረውት አይጠፉም፤ በራሳቸው ቁጥር መሸጣቸውን ይቀጥላሉ።

ኩሽኔታን እንውሰድ። በጎኑ ላይ 6203 የሚል ቁጥር ካለ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ የውስጥ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6204 ከሆነ 20፣ 47 እና 14 ይሆናል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣው «2 አር ኤስ» በሁለቱም ጎን የጎማ መከለያ እንዳለው ሲያመለክት፣ «ዜድ ዜድ» መከለያው ብረት መሆኑን ይናገራል፤ ውኃና ጭቃ ለሚደርስበት ዕቃ የጎማው ይመረጣል። የዊንቹን ስም ጠርቶ ኩሽኔታውን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ ቅባቱን በጨርቅ ጠርጎ ቁጥሩን ያነበበ ግን ኩሽኔታ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ያገኘዋል። የዘይት መከላከያ ጎማም እንዲሁ ነው፤ 25፣ 40 እና 7 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ከተጻፉበት፣ በቅደም ተከተል የዘንጉን ውፍረት፣ ጎማው የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ስፋትና የራሱን ወርድ በሚሊ ሜትር ይገልጻሉ።

ሪሌ ሲሆን ከእግሮቹ አጠገብ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። እነዚህ ዲን 72552 በተባለው የጀርመን ደረጃ የተወሰኑ ናቸው፤ 85 እና 86 የውስጡን ጥቅልል ሽቦ የሚያነቃቁ ጫፎች ሲሆኑ፣ 30 ከባትሪ የሚመጣውን፣ 87 ደግሞ ወደ ዕቃው የሚሄደውን ኃይል ይይዛሉ። የእግሮቹ አቀማመጥ ከገጠመና ሪሌው የሚሸከመው አምፔር ካላነሰ የማንም አምራች ሪሌ ይሠራል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ፒክአፖችና ቀላል መኪናዎች በአብዛኛው በ12 ቮልት፣ ከባድ መኪናዎች ግን ብዙ ጊዜ በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ12 ቮልት ሪሌ በ24 ቮልት መስመር ላይ ከተሰካ ጥቅልሉ ግሎ ይቃጠላል፤ የ24ቱ በ12 መስመር ላይ ሲሰካ ደግሞ አይነሣም፤ ባለንብረቱም አዲሱ ሪሌ ብልሹ የሆነ ይመስለዋል። ቮልቱ በሪሌው ክዳን ላይ ስለሚጻፍ ከመግዛት በፊት ማንበቡ ይበቃል።

ሳይለኩ መንቀል፣ ነቅሎም መጣል

የተበላሸው ክፍል፣ የቱንም ያህል ቢሰበር፣ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ መቀመጥ አለበት። ከመነቀሉም በፊት በቦታው እንዳለ፣ ከጎንና ከፊት፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ ፎቶ ይነሣ፤ በተለይ የትኛው ጫፍ ወደላይ እንደነበረና የትኛው ወደ ግራ እንደዞረ የሚያሳይ ምስል ከነቀሉ በኋላ ከየትም አይገኝም።

ይህ ስህተት ጎልቶ የሚታየው በጋዝ ሾክ ላይ ነው። በሾኩ ሲሊንደር ላይ ከሚታተሙት ቁጥሮች አንዱ «ኤን» ከሚለው ፊደል ጋር የሚጻፍ ሲሆን የመግፊያ ኃይሉን በኒውተን ይገልጻል። በፓውንድ ተጽፎ ከተገኘ በ4.45 ማባዛት ነው፤ 90 ፓውንድ ወደ 400 ኒውተን ይጠጋል። ጽሑፉ በፀሐይ ከጠፋ የሚለካው ይህ ነው፦ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ከአንዱ ጫፍ መያዣ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርዝመት፣ ዘንጉ የሚገባና የሚወጣበት ርቀት፣ የዘንጉና የሲሊንደሩ ውፍረት፣ እንዲሁም ጫፉ የሚሰካበት ኳስ ስፋት። ኳሱ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ርዝመቱን በትክክል ለክተው ኳሱን የረሱ ሰዎች ሾኩ እጃቸው ከገባ በኋላ ጫፉ አልሰካ ይላቸዋል።

ኃይሉን ግን ከአሮጌው ሾክ ላይ መለካት አይቻልም፤ ሾኩ የደከመው ጋዙ ስላመለጠ ነውና የሚገኘው ውጤት ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብሎ መገመትም አደጋ አለው፤ ከልክ ያለፈ ሾክ የፋይበርግላስ ክዳንን ያጣምማል፣ ማጠፊያውንም ከነቡሎኑ ይነቅለዋል። ትክክለኛው መንገድ ክዳኑን መመዘን፣ ሾኩ የሚያርፍበት ነጥብ ከማጠፊያው ያለውን ርቀት መለካትና ይህን መረጃ ለሾክ አቅራቢ ማቅረብ ነው። የጋዝ ግፊት ከሙቀት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ አየሩ ከነበረበት በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቀዘቅዝ የሾኩ ኃይል በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በቀትር ሙቀት ክዳኑን እንደምንም ያቆመ ሾክ በብርድ ሌሊት ሊያወርደው ይችላል። ሾኮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀየሩ፤ ክዳኑ ሲዘጋም ዘንጉ ወደታች እንዲያመለክት ሆነው ይገጠሙ፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ዘይት ማገጃውን የሚያረጥበው እንዲህ ሲሆን ነው። አሮጌው ሾክም ደከመ ተብሎ አይበሳ፣ አይቆረጥም፤ በውስጡ የቀረው ናይትሮጅን አሁንም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ሊሆን ይችላል።

«ተቀራራቢ ነው፣ ይገባል» ማለት

ስምንት ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ ማለትም ኤም 8፣ እና አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የሚባለው ቡሎን በዐይን አይለዩም። የሁለተኛው ውፍረት 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) እንኳ፣ በተለይ ጥርሱ የተበላ ከሆነ፣ መለየቱ ያስቸግራል። ልዩነቱ ያለው በጥርሱ አካሄድ ነው፤ የተለመደው ኤም 8 ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ ሜትር ሲራመድ፣ በአንድ ኢንች 18 ጥርስ ያለው የኢንች ቡሎን 1.41 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። የአንዱ ዳዶ በሌላው ቡሎን ላይ ጥቂት በእጅ ይዞርና ይጠብቃል፤ ሰውየው ዝገት መስሎት በመፍቻ ሲያስገድደው ጥርሱ ይበላል። ዳዶ በእጅ ጥቂት ዞሮ ከቆመ ማስገደድ አያስፈልግም፤ የጥርስ መለኪያ ምላጭ አስጠግቶ ማየት ነው። የቡሎኑ ራስም ይረዳል፤ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካለበት ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር የተሰመሩ ሦስት ወይም ስድስት መስመሮች ካሉበት ደግሞ ኢንች ሲሆን፣ ስድስት መስመር ያለው ይጠነክራል።

የአየር ቱቦ ማገናኛ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። ኤን ፒ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ጥርስ በሩብ ኢንች መጠን በአንድ ኢንች 18 ጥርስ፣ ቢ ኤስ ፒ የሚባለው የእንግሊዝ ጥርስ ደግሞ 19 ጥርስ አለው፤ የጥርሳቸው ማዕዘንም ይለያያል። በነጭ ቴፕ ጠቅልሎ ማጥበቅ ለጊዜው የያዘ ያስመስለዋል፤ ከንዝረት በኋላ ግን አየር ማፍሰስ ይጀምራል።

በብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ የመለዋወጫ ቁጥር አድርጎ መውሰድ

በቅልጥ ብረት ወይም በፕላስቲክ አካል ላይ ጎላ ብሎ የወጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የቅርጽ ማውጫው ቁጥር ነው። አንድ ዓይነት ጥሬ አካል በኋላ በተለያየ መንገድ ሊበሳና ሊላግ ስለሚችል፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ የግራ፣ ሌላው የቀኝ ሆነው ይገኛሉ። እውነተኛው የመለዋወጫ ቁጥር በአብዛኛው በተለጠፈ ወረቀት ላይ፣ በመርፌ ነጥብ ተመትቶ ወይም በቀለም ታትሞ ይገኛል።

ፓተንት (የፈጠራ መብት ምዝገባ) መሆኑን የሚገልጽ ቃል ያለበት ቁጥርም መለዋወጫ ለማዘዝ አይሆንም፤ ነገር ግን ሊናቅ አይገባውም። የፓተንት ሰነዶች ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ በዚያ ቁጥር የሚገኘው ሰነድ ብዙ ጊዜ ዕቃው ተበታትኖ የተሣለበትን ሥዕልና የእያንዳንዱን ክፍል ሥራ የያዘ ነው። መመሪያው ለጠፋበት ዕቃ ከዚህ የተሻለ ምትክ ማግኘት ይከብዳል። በቁልፍ ፊት ወይም በመክፈቻው ላይ የተመታው አጭር ቁጥር ደግሞ የመክፈቻ ኮድ ነው፤ ቁልፍ ሠሪ ኮዱ በእጁ ካለ መክፈቻው ራሱ ባይኖርም አዲስ ሊቀርጽ ይችላል።

ድርጅቱ ተዘጋ ሲባል ፍለጋውን ማቆም

ስም መጥፋትና ምርት መጥፋት አንድ አይደሉም። በሽቦ ሶኬቶቹ የታወቀው ዶይች በ2012 በቲ ኢ ኮኔክቲቪቲ ተገዝቷል፤ ሶኬቶቹ ግን ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ፣ ይሸጣሉ። ዴልፊ አውቶሞቲቭ በ2017 መጨረሻ ለሁለት ሲከፈል አንዱ ክፍል አፕቲቭ ተባለ፤ ዴልፊ ቴክኖሎጂስ የተባለው ሌላው ክፍል ደግሞ በ2020 በቦርግዋርነር ተገዛ። የድሮውን ስም ብቻ የሚያውቅ ፈላጊ መንገዱ የተዘጋ ይመስለዋል። ድርጅቱን ማን እንደገዛው መጠየቅ፣ ከዚያም የገዛው ድርጅት የድሮውን ቁጥር በአዲስ ቁጥር የሚተካበት ሠንጠረዥ እንዳለው ማጣራት ይገባል። የተዘጋው ድርጅት ገጽ ከኢንተርኔት ቢወርድም ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን ሲያስቀምጥ በቆየው ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ የክፍሎች ዝርዝርና የመግጠሚያ መመሪያ ሊገኝ ይችላል።

ያገለገለ ክፍል ሲፈለግም የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ብቻ መናገር አይበቃም። ለአንድ ዓይነት ፒክአፕ የተሠራ ክዳን በምርት ዘመኑ መቀርቀሪያው ወይም ሞተሩ ሊለወጥ ይችላል፤ የዕቃው የራሱ መለያ ቁጥር፣ የጭነት ቦታው ርዝመትና የመሪው አቅጣጫ አብረው ይገለጹ። ከሻጩም የሚሸጠው ክፍል ራሱ የተነሣበትን ፎቶ፣ ከተቻለም ከማስመሪያ ጋር፣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በማሸጊያው ውስጥ የቆየ ጎማ አዲስ ነው ብሎ ማመን

ብረት በመደርደሪያ ላይ ሃያ ዓመት ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም፤ ጎማ ግን ሳይነካም ያረጃል። የድሮ ክምችት የሆነ የማገጃ ጎማ ሲገኝ ጎንበስ አድርጎ ማየት ነው፤ በእጥፋቱ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ከታየ ወይም ወደ ቅርጹ ካልተመለሰ ገንዘብ አይከፈልበትም። ዓይነቱም መለየት አለበት፦ ኤን ቢ አር የተባለው ጎማ ዘይትና ቅባትን ይቋቋማል፤ ኢ ፒ ዲ ኤም ፀሐይንና ዝናብን ቢችልም የሞተር ወይም የማርሽ ዘይት ሲነካው ያብጣል። ለክዳኑ ዙሪያ ኢ ፒ ዲ ኤም፣ ለዊንቹ ማርሽ ቤት ኤን ቢ አር ማለት ነው። የክዳን ዙሪያ ጎማ በሜትር ስለሚሸጥ ከአሮጌው አንድ ጣት የሚያህል ቆርጦ የመሐሉን ቅርጽ ለሻጭ ማሳየት ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ማሠራት የሚቻለውንና የማይቻለውን አለመለየት

ክፍሉ በእውነት ከሌለ ማሠራት ይቻላል። ቶርኖ ቤት ዘንግ፣ ቡሽና ማጠፊያ በአሮጌው ናሙና ይሠራል፤ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያም (ስሪ ዲ ፕሪንተር) የፕላስቲክ መያዣና ክዳን ይወጣል። በማተሚያው በጣም የተለመደው ፒ ኤል ኤ የተባለው ፕላስቲክ ግን ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ስለሚለሰልስ በፀሐይ ላይ ለሚውል መኪና አይሆንም፤ ኤ ኤስ ኤ የተባለው ሙቀቱንም ፀሐዩንም የተሻለ ይችላል።

ሰው ወይም ጭነት የሚሸከም ክፍል ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው። የዊንች መንጠቆ፣ ተጎታች ማያያዣ፣ የጣሪያ መጫኛ እግር በግምት በተመረጠ ብረትና በብየዳ ተጠግነው ቢበጠሱ የሚመታው ሰው ነው። እዚህ ላይ መለዋወጫ ማሳደዱን ትቶ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ በመቀየር ማመን ይገባል። ብዙ የመካከለኛ መጠን ዊንቾች በ254 በ114.3 ሚሊ ሜትር የቡሎን አቀማመጥ ስለሚታሰሩ፣ የመሳብ አቅሙ ከአሮጌው የማይበልጥና መለኪያው የገጠመ አዲስ ዊንች በአሮጌው ማሰሪያ ላይ፣ ማሰሪያው ካልተሰነጠቀና ካልተጣመመ፣ ሳይበሳና ሳይበየድ ሊቀመጥ ይችላል።